ሰኞ ከመላክሽ በፊት አንቺ እይው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። በየሳምንቱ የበሽታ ቅኝት ሪፖርት፣ በየወሩ ደግሞ የወሩን ሪፖርት እልካለሁ። የ5 ዓመት የወባ ቁጥር ኮምፒዩተሬ ላይ አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከመላክ በቀር ምንም ሠርቼበት አላውቅም። ሰሞኑን ቁጥሩ ከፍ አለብኝ። ለኃላፊያችን ብነግረው ‹ወቅቱ ነው› አለኝ። ወረርሽኝ መሆን አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? እኛ ጋ ያለው ዳታስ ለዚህ ይበቃል?»

እህቴ፣ ኃላፊሽን አትቀየሚው። ግማሽ እውነት ተናግሯል። ጅማ ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይጨምራል። በሚያዝያና በግንቦትም ትንሽ ብቅ ይላል። የሱ መልስ ችግሩ በየዓመቱ ልክ መሆኑ ነው። ወረርሽኝ በነበረበት ዓመትም ወቅቱ ነበር። ስለዚህ «ጨመረ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «በዚህ ሳምንት መጨመር ከሚገባው በላይ ጨመረ ወይ?» በይ። ይህን የሚመልስልሽ ደግሞ ያ ኮምፒዩተርሽ ላይ የተኛው የ5 ዓመት ቁጥር ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከ5ቱ ዓመታት የአንዷን ሳምንት ቁጥር ብቻ አውጪ። ሳምንት 40 እንበል። ለምሳሌ ያህል 18፣ 31፣ 22፣ 27 እና 45 ነበር ብለን እንያዝ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሪው 18፣ 22፣ 27፣ 31፣ 45 ይሆናል። ከትልቁ ቀጥሎ ያለው 31 ነው። በቃ፣ የሳምንት 40 መስመርሽ 31 ሆነ። ዘንድሮ 26 ከመጣ ኃላፊሽ ልክ ነው። 34 ከመጣ ከወንበር መነሳት አለባችሁ። 52ቱንም ሳምንት እንዲህ ካወጣሽ በኋላ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ይሠራልሻል። የዘንድሮውን በሌላ ቀለም በየሳምንቱ እየጨመርሽ ትሄጃለሽ። ኤክሴል ላይ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ያቺን ቻርት ግን ኮምፒዩተር ውስጥ አትቅበሪያት። ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ግድግዳ ላይ ለጥፊያት። ሐኪሙ በሽተኛ ሲጠብቅ ዓይኑ ይረፍባት።

«ትልቁን 45 ለምን ጣልነው?» ትይኝ ይሆናል። ያ ዓመት ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ሊሆን ስለሚችል ነው። እሱን መለኪያ ካደረግሽ ወረርሽኝን በወረርሽኝ እየለካሽ ነው። አማካይ ብትወስጂም ያው ነው፤ አንድ ክፉ ዓመት አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የ5 ዓመት ቁጥር የሌለው አዲስ ጤና ጣቢያ ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽር። እጥፍ ከሆነ ማንቂያ ነው። ሻካራ መለኪያ ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ከ5ቱ ዓመታት አንዱ የኮሮና ዓመት ከሆነ ቁጥሩን በጥርጣሬ እይው። ያኔ ሰው ጤና ተቋም ለመምጣት ፈርቶ ቤቱ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ያነሰው ትንኟ አዝና አይደለም።

እስከዚህ ያለው በየመመሪያው አለ። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ስላለው ነው። መስመሩን የሚያልፍ ቁጥር ሁሉ ወረርሽኝ አይደለም። ከመስመሩ በታች ያለ ቁጥር ሁሉም ሰላም አይደለም። ይህን የሚለየው መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያም ሰው ዞን ወይም አዲስ አበባ የለም። አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ስንት ሰው እንደተመረመረ እይ። ሁለት ሁኔታ ልስጥሽ። ባለፈው ዓመት በዚያው ሳምንት 110 ሰው ተመርምሮ 31 ፖዘቲቭ ሆነ እንበል። ዘንድሮ 118 ተመርምሮ 34። በመቶኛ 28 እና 29 ነው። ብዙም የተለወጠ ነገር የለም፤ ብዙ ሰው መጣ፣ ብዙ ተመረመረ። አሁን ደግሞ ዘንድሮ የተመረመረው 62 ብቻ ሆኖ ከዚያ ውስጥ 34 ፖዘቲቭ ሆነ በይ። ከግማሽ በላይ ነው። ይሄኛው ያስፈራል። ሁለቱም ቦታ ሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ዓይንሽ የሚያርፈው 34 ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው ላብራቶሪ መዝገቡ ውስጥ ነው፣ ከቢሮሽ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ።

ሁለቱን ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምንና ቫይቫክስንም፣ ለይተሽ ቁጠሪ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የአምናው ንክሻ ዘንድሮ ሊታይ ይችላል። ፋልሲፓረም ድንገት ድርሻው ካደገ ግን አብዛኛው ትኩስ ንክሻ ነው፤ የሚገድለውም በአብዛኛው እሱ ነው።

አሁን ስለ ወባ መመርመሪያ ኪት። አንድ ጊዜ ለድጋፍ ጉብኝት የሄድኩበት አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ስሙን ልተወው። ግድግዳው ላይ የወባ ቻርት አለ፣ በደንብ የተሠራ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ለሦስት ሳምንት መሬት ነክቷል። ከዚያ ኅዳር ላይ ሽቅብ ተወርውሯል። በስብሰባ ላይ ጥቅምቱ «የአጎበር ሥርጭቱ ውጤት» ተብሎ ተመስግኖበታል አሉ። ኅዳሩ ደግሞ «ድንገተኛ ወረርሽኝ» ተባለ። ላብራቶሪ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ። ጥቅምት 8 ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «አርዲቲ አልቋል» ይላል፤ አርዲቲ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት ነው። ከዚያ በታች ሁለት ገጽ ሙሉ ባዶ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ግን ኦፒዲ መዝገብ ላይ አንድም ቀን አልቀነሰም። መድኃኒት በግምት እየተሰጠው ይሄድ ነበር። ወረርሽኝ ከነበረም የጀመረው በተመሰገኑበት ሳምንት ነው ማለት ነው። ልጁን፣ ላብራቶሪ ቴክኒሺያኑን፣ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። «ተናግሬያለሁ፣ ጽፌአለሁ» አለኝ ወደ እርሳሱ ጽሑፍ እያመለከተ። ምን ትይዋለሽ?

ስለዚህ ዜሮ ስታዪ ሁለት ዓይነት ዜሮ እንዳለ አትርሺ። «ፈልገን አላገኘንም» የሚል ዜሮ አለ። «አልፈለግንም» የሚል ዜሮ አለ። ፎርማቱ ላይ ሁለቱም 0 ናቸው። ኪት ያለቀበትን፣ ላብራቶሪው የተዘጋበትን፣ መብራት የጠፋበትን ሳምንት ቻርቱ ላይ በትንሽ ኮከብ ምልክት አድርጊ። ባዶውን ሣጥን ዜሮ አታድርጊው። ለወረዳው የፌም ፎካል (የበሽታ ቅኝት ተጠሪ) ደውለሽ «ይህ ዜሮ የኪት ዜሮ ነው» በይው።

በዚሁ ላይ ስለ ግርሻ ልጨምር፣ ጅማ ላለ ሰው ይጠቅማልና። ግርሻ ትኩሳት በልብስ ቅማል የሚመጣ ነው። ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ በክረምት ብርድ፣ ጎዳና ላይ በሚኖሩና ተደራርበው በሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ላይ ይነሳል። ጀርሙ የሚታየው ወባ በሚታይበት በዚያው የደም ስላይድ ላይ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኑን የተከለ ቴክኒሺያን ወባ ሲፈልግ ግርሻን ያገኛል። አርዲቲ ግን የሚያውቀው ወባን ብቻ ነው። ማይክሮስኮፑን ሸፍናችሁ በአርዲቲ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የግርሻ ቁጥራችሁ ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮነቱም ምንም አይነግርሽም። ትኩሳት ያለበት፣ አርዲቲው ኔጌቲቭ የሆነ፣ ከአንድ ማደሪያ የመጣ ሰው ከበዛ ስላይድ ይሠራ ብለሽ ጠይቂ።

ወደ ቀን መቁጠሪያ ልምጣ። ይሄ እኔን ራሴን ያሸወደኝ ነው፣ ስለዚህ በደንብ አብራራዋለሁ።

ሳምንታዊው የቅኝት ሪፖርት የሚሄደው በፈረንጆች ሳምንት ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ከ1 እስከ 52፣ አንዳንድ ዓመት 53። ወርኃዊው ሪፖርት ደግሞ በኛ ነው፤ ያውም ከ21 እስከ 20። ሁለቱን ደምረሽ እኩል እንዲመጡ አትጠብቂ፣ አይመጡም። ይህ ስህተት አይደለም። ነገር ግን የወሩን ቁጥር ከወር ወር ስታነጻጽሪ መስከረም ላይ ቆም በይ። የመስከረም ሪፖርት የሚይዘው ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ነው። 10 የነሐሴ ቀን፣ 5 ጳጉሜ፣ 20 የመስከረም ቀን። 35 ቀን! ሌላው ወር 30 ነው። በየቀኑ 10 ሰው በወባ የሚታመምበት ጤና ጣቢያ ነሐሴ ላይ 300 ይጽፋል፣ መስከረም ላይ 350 ይጽፋል። ትንኟ ምንም ሳትጨምር ቁጥሩ በ17 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያውም የወባ ወቅት በሚጀምርበት ወር።

እኔ ወጣት ሳለሁ በዚህ 50 ሰው ምክንያት ሁለት ገጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ «ጳጉሜን ምን አደረግሃት?» አለኝ። እስካሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ለዚህ ነው ለወረርሽኝ ጉዳይ የወሩን ተይውና የሳምንቱን ያዢ የምልሽ። ለነገሩ ወር ይረዝማል። ወባ በአራት ሳምንት ብዙ ነገር ይሠራል።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ «ከየት ነው?» ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማዋ ራሷ ወባ የላትም አይባልም፣ በአዌቱ ዳርና በረግረጉ ትንኝ አለ። ግን ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ሁሉ እዚያው ተነክሶ አይደለም። ከግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ የመጣ አለ። ከኦሞ ናዳ ቆላ የመጣ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቡና ለቀማ አለ። ሊሙ፣ ጎማ፣ ማና ሰው ይጎርፋል። ለቃሚው እርሻው ዳር በላስቲክ ቤት ያድራል፣ አጎበር የለውም፣ ሲታመም ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አድራሻ ሲጠየቅ ምን ይላል? «ጅማ» ይላል። መዝጋቢው ወረፋው ረዝሞበታል፣ «ጅማ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ በተጻፈ መዝገብ ወረርሽኝን መከተል አይቻልም። ሁሉም ሰው ጅማ ነው።

ለካርድ ክፍሉ ባልደረባ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጨምር ለምኚው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት አደሩ?» በኦሮምኛ ቢጠይቅ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፣ አብዛኛው በሽተኛ ገበሬ ነው። «ወባ» ስትዪውና «ቡሳ» ስትዪው የሚሰጥሽ መልስ ርዝመቱ ይለያያል። ከዚያ ቀበሌውንና ጎጡን በወረቀት ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አድርጊ። ሳተላይት አያስፈልግሽም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በእጅ የሣሉት የቀበሌ ካርታ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ አለ፣ ወንዙና መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱና ወፍጮ ቤቱ ሁሉ አለበት። ፎቶ አንሺውና ነጥብሽን እዚያ ላይ አስቀምጪ። 34ቱ ነጥቦች ተበታትነው ከተቀመጡ አንድ ነገር ነው። 21ዱ አንድ ኩሬ ዙሪያ ከተሰበሰቡ ግን የት እንደሚሄዱ ታውቂያለሽ።

ይህን ሁሉ ብቻዬን እንዴት እችላለሁ ካልሽ፣ ጅማ ነሽና አንድ ዕድል አለሽ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥተው የሚማሩበት ልማድ የቆየ ነው። ቡድን ቡድን ሆነው ቀበሌ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ጥያቄ ፍለጋ ሲዞሩ ነው የማያቸው። አንቺ ጥያቄ አለሽ። «በእነዚህ ሦስት ጎጦች ትኩሳት ያለበት ቤት ስንት ነው?» ብለሽ ስጫቸው። ዩኒቨርሲቲው በግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት፣ ፍልሰትም ይመዘግባል። ስንት ሰው ውስጥ ስንት እንደታመመ ለማወቅ እንዲህ ያለ የሕዝብ ቁጥር ወርቅ ነው። ያንቺ ቀበሌዎች እዚያ ውስጥ ካሉ ጠይቂ።

ዳታችን ይበቃል ወይ ብለሻል። ለወባ ይበቃል። ግን ቀዳዳውን እወቂው። ጅማ ከተማ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ገዝቶ ይሄዳል። ሌላው የግል ክሊኒክ ይሄዳል። የግል ክሊኒኮች ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው፤ ስንቱ በሰዓቱ እንደሚልክ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ፋርማሲ ጎራ ብዬ «በዚህ ሳምንት የወባ መድኃኒት እንዴት ነው?» የማለት ልማድ ነበረኝ። ሪፖርት አይደለም፣ ፎርማት የለውም። «ኧረ ቶሎ ቶሎ እያለቀብን ነው» ካሉኝ ግን ሰኞ ቻርቴን በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ስለ ወባ ብቻ አይደለም። መስመር ማውጣት፣ ሳምንት መጠበቅ፣ ማነጻጸር የሚሠራው ሁልጊዜ ላለ በሽታ ነው። አንድ ሰው የሚበቃባቸው በሽታዎች አሉ። ኮሌራ አንድ ከተረጋገጠ ወረርሽኝ ነው። እጁ ወይም እግሩ ድንገት የዛለ ከ15 ዓመት በታች ልጅ አንድ ከሆነ ለፖሊዮ ምርመራ ይበቃል፤ ሰገራው በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ይወሰዳል፣ ከዛለበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ። አባሰንጋ፣ ቢጫ ወባ፣ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው። እነዚህን ሰኞ ድረስ አታቆዪም። መመሪያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀጣዩ እርከን ይድረስ ይላል። ስልክ አንሺ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ኮሌራን «አተት» ማለት የለመደ ሰው አሁንም አለ። ስሙ ላይ አትከራከሪ፤ ናሙናው መውሰጃ ቱቦ ውስጥ መግባቱን ብቻ አረጋግጪ።

ኩፍኝ መሐል ላይ ነው። በአንድ አካባቢ በአንድ ወር ውስጥ 5 ተጠርጣሪ ከተገኘ ወረርሽኝ ተጠርጥሯል ይባላል፤ በላብራቶሪ 3 ከተረጋገጠ ወረርሽኝ ነው። አሁን አስቢው። አንቺ ጋ 2 መጡ። ጎረቤት ጤና ጣቢያ 2 መጡ። ሆስፒታል በቀጥታ የሄደ 1 አለ። እያንዳንዱ ተቋም መስመሩን አላለፈም፣ ማንም አልደነገጠም። ልጆቹ ግን የሚማሩት አንድ ትምህርት ቤት ነው! ለዚህ ነው ላይን ሊስት የሚባለው ዝርዝር ያስፈለገው። ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሽፍታው የወጣበት ቀን፣ ክትባት። ሲደመር ብቻ የሚታይ ነገር አለ። በተቃራኒው፣ አንቺ ሪፈር ያደረግሽውን ልጅ ሆስፒታሉም ቆጥሮት ሁለት ይሆናል። ዝርዝሩ ይህንንም ያጠራል።

ከቁጥር ውጭ ያለውንም አትናቂ። የጭምጭምታ መዝገብ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ቦታ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። እድር ላይ «በአንድ ሳምንት ሦስት ቀብር» ከተባለ ጻፊው። «እዚያ ጎጥ ከብት እየሞተ ነው» ከተባለ ጻፊው፣ ነገ አባሰንጋ ይዞ የሚመጣው ሥጋውን የበላው ሰው ነው። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቡና ስትጠጣ የምትሰማው ወሬ ከዲኤችአይኤስ 2 (ሪፖርት ከምንልክበት ሶፍትዌር) ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀድማል። ወሬው ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሞተር ነዳጅ ነው የከሰርሽው።

እኛ አካባቢ ይህ ተረት እንዳልሆነ ሁለት የቆዩ ነገሮች ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ወባ ገብቶ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። የዚያ ዓመት ዝናብና ሙቀት ያልተለመደ ነበር። የጅማ ከፍታ እዚያው መሐል ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ደግሞ፣ ከ1960 እስከ 1962፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል በኦሞ ተፋሰስ ቢጫ ወባ ተነሳ። 100,000 ያህል ታሞ 30,000 ያህል ሞቷል ይባላል። ያኔ በየቀበሌው ጤና ኬላ የለም፣ ሰኞ የሚላክ ሪፖርት የለም። አሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነው። ያ ሚሊዮን የተሠራው እንዳንቺ ካሉ ባለሙያዎች ታሊ (የመቁጠሪያ ወረቀት) ላይ ከሚጫር ጭረት ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ልበልና ወደ ኃላፊሽ ልመለስ። የመዝገብ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ልማድ ሆኗል። ለፍጥነት ነው፣ ይገባኛል። ግን እዚያ ግሩፕ ውስጥ 80 ሰው አለ። ግማሹ ሥራ ቀይሯል። ስም፣ ስልክ፣ አንዳንዴም የኤችአይቪ ውጤት ያለበት ዓምድ አብሮ ይወጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ቀልድ አይደለም። ከሕጉ በፊት ግን ይሉኝታ አለ። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ «የ34 ዓመት ሴት፣ ከእገሌ ወፍጮ ቤት አጠገብ» ካልሽ ስም መጻፍ አላስፈለገሽም፣ ሁሉም አውቋታል። ለቅኝት ግሩፕ ላይ ቁጥር ይበቃል። ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ቤት ድረስ ለሚሄደው ሰው ብቻ ነው፣ ለሱም በእጁ ወይም በግሉ ስጪው። አንድ ጊዜ ሰው መዝገቡ ወሬ እንደሚሆን ካወቀ በሚቀጥለው አይመጣም፤ ቢመጣም የውሸት ስምና የውሸት ቀበሌ ይሰጥሻል። ያኔ ካርታሽም ሐሰት ነው።

አሁን ኃላፊሽ ጋ ስትገቢ «ወረርሽኝ ነው» ብለሽ አትግቢ። ያ ቃል ከባድ ነው፤ በጀትና ስብሰባ ያስጠራል፣ አንዳንዴም ቁጣ። ሰው ራሱን ወደ መከላከል ይገባል። ቻርቷን ይዘሽ ግቢና «ሳምንት 40 መስመሩን አልፏል፣ የተመረመረው ሰው አልጨመረም፣ ኪት አላለቀም፣ ከ34ቱ 21ዱ ከሁለት ጎጥ ናቸው፤ ነገ አንድ ሰው ልኮ ማየት ይቻላል?» በይ። ይህን «ወቅቱ ነው» ብሎ መመለስ ይከብዳል። ሄዳችሁ ብታዩና ምንም ባይኖር፣ አልተሳሳትሽም። መስመሩ የተሠመረው ሄዶ ለማየት ነው። እኔ የምጠላው በተቃራኒው ያለውን ነው፦ ቁጥሩ ሰኞ ወደ ወረዳ፣ ማክሰኞ ወደ ዞን፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተጉዞ ስልክ ተደውሎ «እናንተ ጋ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጤና ጣቢያው «እስኪ እንይ» የሚልበት። ሰዓት ጠብቆ መላክና በሰዓቱ የመላክ ግቡን 80 በመቶ ማለፍ ጥሩ ነው። ግን ያልታየ ቁጥር በሰዓቱ ቢደርስ ምን ይሠራል?

ሰኞ ጠዋት ከመላክሽ በፊት ሩብ ሰዓት ስጪው። ቡናሽን ያዢ፣ ላብራቶሪ መዝገቡን ገልጠሽ አምስት መስመር ከታሊሽ ጋር አስተያዪ፣ ነጥቧን ቻርቱ ላይ አድርጊ። ከዚያ ላኪ።

ያንቺን ቁጥርም ማየት እፈልጋለሁ። ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ጻፊልኝ፦ የተመረመረ፣ ፖዘቲቭ የሆነ፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ተለይቶ፣ ቀበሌ ብቻ። ስም አትላኪ። ኪት ያለቀበት ቀን ካለ አጠገቡ ኮከብ አድርጊበት።